ከ«ሲሶ» እስከ «ለልማት ተነሺ»፦ ለገበሬው የተነገሩ ቃላት ታሪክ

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ታሪክ በእንዲህ ያለ የበዓል መጽሔት ላይ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘረዘረው የአዋጆች ቁጥር፣ የአባላት ብዛት፣ የካፒታል ዕድገትና የተሸላሚዎች ፎቶግራፍ ነው። ይህ ተገቢ ነው። እኔ ግን በዚህ የምስረታ በዓል እትም ላይ ሌላ ታሪክ ላነሳ ወደድሁ። ባለፉት 60 ዓመታት በፊንፊኔ ዙሪያ ላለው ገበሬ፣ ከሰበታና ከቡራዩ እስከ ሱሉልታና እስከ ኮዬ ፈጬ፣ በስብሰባ፣ በሬዲዮና በደብዳቤ የተነገሩት ቃላት ምን ዓይነት ነበሩ? የተነገረውን ነገር ሰምቶ «ስንት? መቼ? በማን?» ብሎ ለመጠየቅ ያስችሉት ነበር ወይ? የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የሥራው ግማሽ ቃል ማድረስ ስለሆነ ጥያቄው ለሙያዬም ቅርብ ነው።

ከጥንቱ እንጀምር። በንጉሡ ዘመን ጭሰኛው ለባለ መሬቱ የሚከፍለው ድርሻ እርቦ፣ ሲሶ ወይም እኩል ይባል ነበር። ሥርዓቱ ግፍ የነበረበት መሆኑን የሚክድ የለም። ቃሉ ግን የተድበሰበሰ አልነበረም። ሲሶ ከሦስት አንድ እጅ መሆኑን ዐውድማ ላይ የቆመ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ግፉ ተቆጥሮ የሚታይ ስለነበረ ተቃውሞውም ግልጽ ነበር። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አደባባይ ይዘውት የወጡት መፈክር «መሬት ለአራሹ» የሚል ሁለት ቃል ብቻ ነው። ማብራሪያ የፈለገ ሰው አልነበረም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31/1967ም በአብዛኛው እንዲሁ ነበር። የገጠር መሬት የኢትዮጵያ ሕዝብ የጋራ ሀብት ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ መያዝ አይችልም፤ ጭሰኛና ባለ መሬት የሚባል ግንኙነት ቀረ፤ የገበሬ ማኅበር በ800 ሄክታር አካባቢ ይቋቋማል ተባለ። ገበሬው ይህን በአንድ ቀን ገባው። በእኛ አካባቢ አብዛኛው ሰው አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ በመሆኑ አዋጁ የደረሰው በአስተርጓሚ ነው። ቢሆንም 10 ሄክታር በየትኛውም ቋንቋ 10 ሄክታር ነው።

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ታኅሣሥ 11 ቀን 1967 ዓ.ም. «ኅብረተሰብአዊነት» ከታወጀ ወዲህ፣ በተለይም በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. የብሔራዊ ዲሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ከወጣ በኋላ፣ በየገበሬ ማኅበሩ የሚነገረው ቋንቋ ተለወጠ። ፊውዳሊዝም፣ ኢምፔሪያሊዝም፣ ቢሮክራሲያዊ ካፒታሊዝም፣ ንዑስ ከበርቴ፣ ኩላክ፣ አድኃሪ የሚሉት ቃላት ዝናብ መጥቶ አልመጣም በሚል ጭንቀት ውስጥ ላለ ሰው ይነገሩት ጀመር። ቃላቱ ለተማረውም ቢሆን ቀላል አልነበሩም። በ1978 ዓ.ም. ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የማርክሲዝም ሌኒኒዝም መዝገበ ቃላት እስከ ማሳተም ደርሷል። ለመንግሥት መልእክት መዝገበ ቃላት ካስፈለገ መልእክቱ ለማን እንደ ተጻፈ መጠየቅ ይገባል።

ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ ለኅብረት ሥራ ሰዎች ዋናው ጉዳይ መልባ፣ ወልባና ወላንድ ነው። በ1971 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በሦስት ደረጃ እንዲያድጉ ተወሰነ። በመልባ ደረጃ አባሉ መሬቱን ለጋራ ያስረክባል፤ ለራሱ እስከ 2,000 ካሬ ሜትር ይቀርለታል፤ በሬውና ሞፈር ቀንበሩ ግን የራሱ ናቸው። በወልባ ደረጃ በሬውም መሣሪያውም የጋራ ይሆናሉ፤ የግል ቦታውም ወደ 1,000 ካሬ ሜትር ይወርዳል። በወላንድ ደረጃ የግል የሚባል መሬት አይኖርም፤ ሰዉ በብርጌድ ተከፋፍሎ ይሠራል። እኔ አሁን ይህን በአምስት ዓረፍተ ነገር ጻፍሁት። በዚያን ጊዜ በየስብሰባው ይነገር የነበረው ግን ስለ «ከፍተኛ የዕድገት ደረጃ»፣ ስለ «ሶሻሊስታዊ የምርት ግንኙነት» እና ስለ «ፈቃደኝነት» ነበር። በሬህን ታስረክባለህ የሚለው ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ አንዳንዴም የሚመጣው ከፊርማ በኋላ ነው። በአካባቢያችን ያሉ አባቶች ስለዚያ ዘመን ሲያወጉ አጥብቀው የሚያነሱት ይህንኑ ነው። «በፈቃደኝነት» የሚለው ቃል ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነበር፤ ምክንያቱም እምቢ ያለው ሰው ማዳበሪያም ሆነ ከሱቁ ስኳርና ጨው ሲያገኝ መጨረሻ ተሰላፊ ይሆናል።

መንደር ምሥረታም በዚሁ ቋንቋ መጣ። ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ በሸዋ ሰፊ ቦታ ላይ ገበሬው ቤቱን አፍርሶ ወደ አዲስ መንደር እንዲገባ ሲደረግ ውኃ «ይሟላል»፣ ትምህርት ቤት «ይከፈታል»፣ ክሊኒክ «ይቋቋማል» ተብሎ ነበር። ግሦቹን ልብ ይበሉልኝ። የሚያሟላው ማን ነው? በየትኛው ዓመት ነው? አማርኛችን አድራጊውን ደብቆ መናገር የሚያስችል ቋንቋ ነው፤ ይህ ባልከፋ፣ ነገር ግን ካድሬ እጅ ሲገባ ዕዳ የማይጠየቅበት ብድር ይሆናል።

በአሥሩ ዓመት መሪ ዕቅድ ማብቂያ፣ በ1986 ዓ.ም. ገደማ፣ ከአገሪቱ የእርሻ መሬት ከግማሽ በላይ የሚሆነው በአምራቾች ማኅበራት ሥር ይገባል ተብሎ ታቅዶ ነበር። በተግባር ከታረሰው መሬት በጣም ጥቂቱ ብቻ ነው የገባው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚን ሲያውጁና ገበሬው ከማኅበሩ መውጣት እንደሚችል ሲነገር፣ ማኅበራቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። ገበሬው በሬውን ነድቶ ወደ ቤቱ ሄደ። የሚገርመው ይህ መልእክት አስተርጓሚም መዝገበ ቃላትም አላስፈለገውም።

የፈረሰው ግን አምራቹ ማኅበር ብቻ አይደለም። «ኅብረት ሥራ» የሚለው ስም ራሱ ፈረሰ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ማኅበራትን እንደገና ለማደራጀት የተንቀሳቀሱ ባለሙያዎች ከሁሉ በፊት ይህን ስም ማጠብ ነበረባቸው። ስሙን ያጠበው ደግሞ ዲስኩር ሳይሆን ቁጥር ነው ብዬ አምናለሁ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 አንድ ማኅበር ለመመሥረት ቢያንስ 10 ሰው ይበቃል፤ አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው፤ ማንም አባል ከጠቅላላው አክሲዮን ከ10 በመቶ በላይ አይዝም፤ ከተጣራ ትርፍ 30 በመቶው ለመጠባበቂያና ለማኅበሩ ሥራ ተቀንሶ ቀሪው ለአባላት ይከፋፈላል አለ። በዚያው ዓመት የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ተቋቋመ፤ ሌሎችም ተከተሉ። አዋጁ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ተተክቷል። ገበሬው ወደ ኅብረት ሥራ የተመለሰው ግን ያኔ፣ ያዋጣውንና የሚያገኘውን በጣቱ መቁጠር ስለቻለ ነው። ይህ ነገር በዓለምም አዲስ አይደለም። በ1844 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄትና ሻማ ይዘው ሱቅ ሲከፍቱ፣ ያስታወቁት ያልተቀላቀለ ዕቃና ሙሉ ሚዛን እንደሚሸጡ ነው።

ያም ሆኖ የደርግ ቃላት ሲሄዱ ቦታው ባዶ አልቀረም። ኪራይ ሰብሳቢነት፣ የልማት ሠራዊት፣ ቅንጅታዊ አሠራር፣ ማነቆ፣ ርብርብ፣ ተሞክሮ መቀመር መጡ። ኪራይ ሰብሳቢነት የሚለውን ብቻ እንይ። ቃሉ ከኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ተተርጉሞ የመጣ ነው። ቤቱን አከራይቶ የሚኖር ሰላማዊ ሰው በየስብሰባው ሲወገዝ የሰማ መስሎት የሚደነግጥ ነበር። ጉቦ የሚል የታወቀ ቃል እያለን! ጉቦ ሲባል ማን ተቀበለ፣ ስንት ተቀበለ ይባላል። ኪራይ ሰብሳቢነት ሲባል ግን «አመለካከት» ይሆናል፤ አመለካከት ደግሞ አይከሰስም።

የእኛም የኤክስቴንሽን ዘርፍ ከዚህ አልዳነም። በሪፖርት ቅጽ ላይ «ለ120 አርሶ አደሮች ግንዛቤ ተፈጥሯል» የሚል ዓረፍተ ነገር የተለመደ ነው። ምን ተነገራቸው? ምንስ መለሱ? የጤፍን በመስመር መዝራት እንደ ምሳሌ ልውሰድ። «የተሻሻለ የቴክኖሎጂ ፓኬጅ በሙሉ ተግባራዊ አድርጉ» ሲባል ገበሬው ራሱን ይነቀንቃል፤ ስብሰባው ያልቃል። «በሄክታር 30 ኪሎ የምትበትኑትን ዘር ወደ 5 ኪሎ አውርዳችሁ በመስመር ዝሩ» ሲባል ግን ክርክር ይነሳል። መስመሩን የሚያወጣው ሰው ከየት ይምጣ? መረሬው ሲጨቀይ ማን ቆሞ ይዘራል? የጉልበቱን ዋጋ የጨመረው ምርት ይመልሰዋል ወይ? እነዚህ ትክክለኛ ጥያቄዎች ናቸው፤ የጉልበቱ ጉዳይ በእርግጥም የአሠራሩ ዋና ችግር ሆኖ ታይቷል። በግልጽ ሲነገር ገበሬው ይከራከራል። ሪፖርት ጸሐፊ የሚፈራውም ይህንኑ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ፤ እሱም መሬት ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬት «ለሕዝብ ጥቅም» ሲባል ሊወሰድ እንደሚችል ደነገገ። የሕዝብ ጥቅም ማለት ምንድን ነው ሲባል ትርጓሜው ሕዝብ በቀጥታ ወይም በተዘዋዋሪ የሚጠቀምበት ሆኖ፣ ሥልጣን ያለው አካል በከተማ ፕላን ወይም በልማት ዕቅድ መሠረት እንዲያ ብሎ የወሰነው የመሬት አጠቃቀም ነው የሚል ይዘት ነበረው። በሌላ አነጋገር የሕዝብ ጥቅም ማለት ሹሙ የሕዝብ ጥቅም ያለው ነው። በዚህ ትርጓሜ ውስጥ መንገድም፣ ፋብሪካም፣ የአበባ እርሻም፣ ቪላም ይገባል።

መሬቱን የለቀቀው ሰው ደግሞ «ለልማት ተነሺ» ተባለ። ይህ ቃል ሊጤን ይገባዋል። ተነሺ ማለት በራሱ የሚነሳ ነው፤ ጠዋት ከመኝታው እንደሚነሳ ሰው ማለት ነው። አስነሺው በቃሉ ውስጥ የለም። የአካባቢያችን ገበሬ በራሱ ቋንቋ ሲናገር ግን «ቡቀኤ» ይላል፤ ተነቀለ እንደ ማለት ነው። ተክል ሲነቀል የነቀለ እጅ አለ። በመዝገቡ ላይ ተነሺ፣ በሰዎች አፍ ላይ የተነቀለ እየተባለ ሁለት ታሪክ ጎን ለጎን ተጻፈ።

ካሳውም ቢሆን በአምስት ደቂቃ ሊብራራ የሚችል ነገር ነበር። በአዋጅ 455 መሠረት መሬቱን ለዘለቄታው የለቀቀ ገበሬ የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሳ ባለፉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ ነው። ለማስረጃ ያህል በምናብ እናስላ። አንድ ሄክታር ጤፍ በዓመት 12 ኩንታል ይሰጣል እንበል፤ የአምስቱ ዓመታት ዋጋ በኩንታል 400፣ 500፣ 600፣ 900 እና 1,100 ብር ነበር እንበል። አማካዩ 700 ነው፤ በ12 ሲባዛ 8,400፣ በአሥር ሲባዛ 84,000 ብር ይሆናል። ዋጋ ዓመት ከዓመት በሚጨምርበት አገር አማካይ ወስዶ ማስላት ገበሬውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል ማለት ነው። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ምትክ መሬት ላልተገኘለት ገበሬ ስሌቱን ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ እንዲሆን አደረገው። በዚያው ማሳ ላይ 1,100 በ12 ሲባዛ 13,200፣ በ15 ሲባዛ 198,000 ብር ይመጣል። ይህ ሁሉ በአንድ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚያልቅ ሒሳብ ነው። ነገር ግን በስብሰባ ብዙ የተነገረው «ተመጣጣኝ ካሳ»፣ «መልሶ ማቋቋም» እና «ተጠቃሚነት» ነበር።

በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ጉዳይ ሲሰማ የሆነውን ሁሉም ያስታውሳል። «የተቀናጀ» ማለት ምን ማለት ነው? ማን ከማን ጋር ይቀናጃል? የሱሉልታ ገበሬ ማሳ በካርታው ላይ ምን ቀለም ተቀብቷል? ይህን በቀበሌ ደረጃ ቁጭ ብሎ በገበሬው ቋንቋ ያስረዳ አልነበረም። ጥያቄው ወደ ተቃውሞ ተለወጠ፤ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ እንደገና ተነሳ፤ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ፤ ዕቅዱም በጥር 2008 ዓ.ም. መሰረዙ ተነገረ። ችግሩ ሁሉ የቃል ነበር ማለቴ አይደለም፤ ችግሩ የመሬት ነበር። ነገር ግን ሰው ስለ መሬቱ የሚነገረውን መረዳት ሲያቅተው የሚገምተው የከፋውን ነው፤ ደግሞም በእኛ አካባቢ ታሪክ እንዲያ ቢገምት አይፈረድበትም።

ኮዬ ፈጬ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ጓያ ይበቅልበት የነበረ የመረሬ መሬት ነው። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለ51,229 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ ኮዬ ፈጬ ከቦታዎቹ አንዱ ነበር። ከእነዚህ 32,653ቱ የ20/80፣ 18,576ቱ የ40/60 ቤቶች ናቸው። ዕጣው የደረሰው ለዓመታት የቆጠበ የከተማ ሰው ነው፤ በእሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። በማግሥቱ በኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ ተነሳ። የቤቱ ቁጥር እስከ አንድ ድረስ ተቆጥሮ ሲታወጅ፣ በዚያ መሬት ላይ ያርስ የነበረው ገበሬ ቁጥር አብሮ አልተነገረም።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ኮዬ ፈጬ በሸገር ከተማ ሥር ክፍለ ከተሞች ሆነዋል። አባሎቻችን አሁን በ«ከተማ ግብርና» ይመዘገባሉ። ጥቂት ላሞችና ዶሮዎች ይዞ የሚኖር የቀድሞ ጤፍ አራሽ በዚህ ስም ይገባል፤ አሁንም ሄክታር የሚያርሰውም እዚያው ይገባል። ባለፈው ዓመት በአንድ መሠረታዊ ማኅበር ስብሰባ ላይ መሬታቸው የተወሰደባቸው አንድ አባት ተነስተው፣ «ልጄ፣ እኔ አሁን አባል ነኝ ወይስ አይደለሁም? አክሲዮኔስ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። የተሰጣቸው መልስ «አባባ፣ ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» የሚል ነበር። ጥያቄው በቃለ ጉባኤው ላይ ተመዝግቧል። የአክሲዮን መዝገቡ ደግሞ እዚያው ቢሮ ውስጥ፣ ከስብሰባው ጠረጴዛ ሦስት እርምጃ ርቆ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።