የሴራሚክ የጥርስ ክራውን፦ እንዴት ይሠራል? ከተገጠመ በኋላስ ምን ያስፈልገዋል?

ክራውን የተጎዳ ጥርስን እንደ ቆብ የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። የጥርስ ሐኪምዎ «ከምን ይሠራልዎ?» ብሎ ሲጠይቅዎ ዋጋውንና ቀለሙን ብቻ አይተው አይወስኑ። አሠራሩም ለእርስዎ ለውጥ አለው።

ለመንጋጋ ጥርስ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ዚርኮኒያ የተባለው ጠንካራ ሴራሚክ ነው። ሙሉ በሙሉ ከጠነከረ በኋላ መቅረጽ ስለሚያስቸግር፣ ገና እንደ ጠመኔ የሚፈረፈር ሳለ በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን ይፈለፈላል። በዚህ ጊዜ ሆን ተብሎ ከልኩ ከ20 እስከ 25 በመቶ ገደማ ተልቆ ነው የሚሠራው። ከዚያ 1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ ለሰዓታት፣ ይተኮሳል። ዱቄቱ አይቀልጥም፤ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተያይዘው ክፍተታቸው ይዘጋል፤ ክራውኑም እንደ ሸክላ ተኮማትሮ ልኩ ላይ ይደርሳል። ይህ ሲንተሪንግ ይባላል። ጊዜያዊ ክራውን ተደርጎልዎ ሌላ ቀን የሚቀጠሩት አንዱም በዚህ ምክንያት ነውና ሐኪምዎን አያጣድፉ።

ለፊት ጥርስ ብርሃን የሚያሳልፈው ሊቲየም ዳይሲሊኬት ይመረጣል። እሱ በሙቀት ለስልሶ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይጨመቃል ወይም ይፈለፈላል። ከዚርኮኒያ ግን ጥንካሬው ያነሰ ነው።

«በሌዘር የተሠራ» ከተባሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ከሴራሚኩ ሥር ስላለው ብረት ነው። ሌዘር የኮባልትና ክሮሚየም ዱቄትን በስስ ንጣፍ በንጣፍ እያያያዘ ብረቱን ይሠራል፤ ፖርሴሊኑ በላዩ ላይ ይጋገራል። ሴራሚክን ራሱን በሌዘር መተኮስ ከባድ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ በድንገት ሲግልና ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ርካሽ ጌጥ ቆዳዎን የሚያሳክክዎ ከሆነ የኒኬል አለርጂ ሊሆን ስለሚችል፣ ብረቱ ኒኬል እንዳለበት አስቀድመው ይጠይቁ። ለራስ ኤምአርአይ ሲላኩም በአፍዎ ብረት እንዳለ ይናገሩ፤ ምስሉን ሊያበላሽ ይችላል።

ከተገጠመ በኋላ

ማደንዘዣው ሲለቅ ክራውኑ ከሌሎች ጥርሶች ቀድሞ የሚገጥም ከመሰለዎ «እለምደዋለሁ» ብለው አይቆዩ፤ ተመልሰው ያሳዩ። ሐኪሙ ከሞረደው በኋላ ማለስለስ አለበት፤ ሻካራ ዚርኮኒያ ትይዩ ያለውን ጥርስ ይበላል።

የተሸፈነ ጥርስ አይበሰብስም የሚባለው ስህተት ነው። ክራውኑ ከድድ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ከሥር ያለው ጥርስ ይበሰብሳልና በየቀኑ በደንብ ይቦርሹት።

ክራውኑ ከወለቀ አስቀምጠው ወደ ሐኪምዎ ይዘውት ይሂዱ። በሱፐር ግሉ አይለጥፉት፤ ልል የሆነውንም አፍዎ ውስጥ አድርገው አይተኙ። ቢውጡት ብዙውን ጊዜ ከሰገራ ጋር ይወጣል። እኛን ጠቅላላ ሐኪሞችን የሚያሳስበን ወደ ሳንባ ሲገባ ነው፦ ክራውኑ ከጠፋ በኋላ ሳል፣ ሲር ሲር የሚል አተነፋፈስ ወይም ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ፊትዎ ወይም አንገትዎ ካበጠ፣ ትኩሳት ካለዎት፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካቃተዎትም እንዲሁ ሳይዘገዩ ይሂዱ።