የሲሼልስ ዘማሪ ወፍ ሳይንሳዊ ስያሜና ምደባ

በሲሼልስ ደሴቶች ብቻ የሚገኘውን ይህን ትንሽ ዘማሪ ወፍ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው የእንስሳት ተመራማሪ ኤሚል ኡስታሌ ነው። ሙሉ ስያሜው «አክሮሴፋለስ ሴሼለንሲስ (ኡስታሌ፣ 1877)» ተብሎ ይጻፋል፤ ዓመቱ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። የመጀመሪያው ቃል ወገኑን፣ ሁለቱ ቃላት በአንድነት ዝርያውን ያመለክታሉ፤ አስተኔው አክሮሴፋሊዴ ይባላል። ቅንፉ ትንሽ ነገር ቢመስልም ችላ ሊባል አይገባም፤ ኡስታሌ ወፉን መጀመሪያ በሌላ ወገን ሥር መድቦት እንደነበር ያሳያል። ወፉ ከዚያ በኋላም «ቤብሮርኒስ ሴሼለንሲስ» ሲባል ቆይቷል። ወገኑ ቢቀያየርም ሁለተኛው ቃል አልተለወጠም። እ.ኤ.አ. በ1968 ዝርያው በኩዛን ደሴት ብቻ ተወስኖ ቁጥሩ ከ30 በታች ወርዶ ነበር። ከዚያ ዘመን የቆዩ ሰነዶች በቀድሞው ስም የተመዘገቡ ስለሚገኙባቸው፣ የጥበቃ ታሪኩን የሚያጠና ሰው በሁለቱም ስሞች መፈለግ ይኖርበታል።