የሐዋርድ እህትማማቾች፦ «አልፋ ካፓ አልፋ» ከ1908 እስከ ዛሬ

ጃንዋሪ 20 ቀን 2021 ካማላ ሐሪስ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ በአንገታቸው ላይ የነበረው የዕንቁ ሐብል ለብዙው ተመልካች ጌጥ ብቻ ነበር። በዚያን ዕለት እነሱም በበኩላቸው ዕንቁ አጥልቀው ቴሌቪዥን ፊት ለተቀመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁር ሴቶች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሐሪስ ተማሪ ሳሉ የገቡበት «አልፋ ካፓ አልፋ» የተባለው ማኅበር ሃያ መሥራቾቹን የሚያስበው በሃያ ዕንቁ ነው። የማኅበሩ ቀለማት ፈዘዝ ያለ ሮዝና አረንጓዴ ሲሆኑ አባላቱ ዛሬ ከ300 ሺህ በላይ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ዓይነቱን ማኅበር አሜሪካኖች «ሶሮሪቲ» ይሉታል። በአማርኛ ቁርጥ ያለ አቻ የለውም። «የእህትማማቾች ማኅበር» ብንለው ይቀርባል፤ ስያሜውን ከግሪክ ፊደላት ይወስዳል፤ አባላቱንም ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል ይመርጣል። በነጮቹ ዘንድ ሶሮሪቲ በአመዛኙ የተማሪነት ዘመን ጉዳይ ነው። ጥቁሮቹ ግን ነገሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወስደውታል። ሴትዮዋ ተመርቃ ሥራ ከያዘች፣ ልጅ ከወለደች፣ ጡረታም ከወጣች በኋላ መዋጮዋን ትከፍላለች፤ በምትኖርበት ከተማ ባለው ቅርንጫፍ ትሰበሰባለች፤ ስትሞትም እህቶቿ በሥርዓታቸው ይሸኟታል። ለእኛ አንባቢ ከተማሪዎች ክበብ ይልቅ እድርና የጽዋ ማኅበር አንድ ላይ ቢሆኑ የሚመስለው ነገር ነው ማለት ይቻላል።

የተመሠረተበት ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ስፍራ አይደለም። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት እዚያ ነው። ዛሬም የዋሽንግተኖቹ የ«ዩ» ጎዳና እና የ9ኛው ጎዳና የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከግቢው በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። ዩኒቨርሲቲው በ1867 የእርስ በርስ ጦርነቱ ባበቃ በሁለተኛው ዓመት ተከፈተ። በ1908 ጥቁር ሴት ከፍተኛ ትምህርት ማግኘት የምትችልባቸው ተቋማት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ሐዋርድ ከእነዚያ አንዱ ነው። እዚያም ቢሆን ሴቶቹ ከወንዶቹ አንጻር ጥቂት ነበሩ።

ሐሳቡን ያመነጩት ከሴንት ሉዊስ የመጡት ኤቴል ሄጅማን የተባሉ ተማሪ ናቸው። ጃንዋሪ 15 ቀን 1908 ዘጠኝ ሴት ተማሪዎች ሴቶች በሚያድሩበት «ማይነር ሆል» ተሰብስበው ማኅበሩን መሠረቱ። ብዙም ሳይቆይ ሰባት የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ተጨመሩ። ከመሥራቾቹ መካከል ሉሲ ስሎው ለብቻቸው ሊወሱ ይገባል። በ1917 በጥቁሮች የቴኒስ ማኅበር ውድድር አሸንፈው በአሜሪካ ትልቅ የስፖርት ዋንጫ ያነሱ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆኑ። በ1922 ደግሞ የሐዋርድ የሴት ተማሪዎች ዲን ተደርገው ተሾሙ። ሴት ተማሪ እንደ ሕፃን ልትጠበቅ ሳይሆን እንደ አዋቂ ልትኖር ይገባል ብለው ከዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ጋር ለዓመታት የተሟገቱ ሰው ናቸው፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስም አልታረቁም።

አምስት ዓመት ሳይሞላ ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ። በ1912 በግቢው የነበሩት ሃያ ሁለት አባላት ስሙም፣ መፈክሩም፣ ቀለሙም ይለወጥ፤ ማኅበሩም ወደ አገር አቀፍ የፖለቲካ ጉዳዮች ይግባ አሉ። ገና በዚያው ዓመት የተመረቁት ኔሊ ኳንደር ተቃወሙ። ሃያ ሁለቱ ወጥተው ጃንዋሪ 13 ቀን 1913 «ዴልታ ሲግማ ቴታ»ን መሠረቱ። ኳንደር ደግሞ በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ ጃንዋሪ 29፣ አልፋ ካፓ አልፋ በሕግ እንዲመዘገብ አደረጉ። ዛሬ ለማኅበሩ የዘላለም ሕይወት የሰጠው ያ ምዝገባ ነው ይባላል። የሁለቱ ማኅበራት ፉክክር እስከ ዛሬ ድረስ በየግቢው በዘፈንና በጭፈራ ይወጣል፤ በአንድ ቤት ውስጥ እናትና ልጅ የተለያየ ቀለም የሚለብሱበት ጊዜም አለ።

የዚህ መለያየት ታሪክ ሲነገር ዴልታዎቹ ፖለቲከኞች፣ አልፋዎቹ የሻይ ግብዣ ወዳጆች ተደርገው ይቀርባሉ። ይህ ግን ትክክል አይመስለኝም። ማርች 3 ቀን 1913፣ ውድሮው ዊልሰን ሥልጣን ሊይዙ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ከአምስት ሺህ በላይ ሴቶች የመምረጥ መብት ይሰጠን ብለው በዋሽንግተን ሰልፍ ወጡ። አዲሶቹ ዴልታዎች የተሳተፉበት የመጀመሪያው ሕዝባዊ ተግባር ይኸው ነው። ሰልፉን ያዘጋጁት ነጮች የደቡብ ሴቶችን ላለማስቀየም ሲሉ ጥቁሮቹን ከኋላ ማሰለፍ ይፈልጉ ነበር። ጋዜጠኛዋ አይዳ ዌልስ እምቢ ብለው ከኢሊኖይ ቡድን መሐል ገብተው ተሰልፈዋል። ሰልፉ ከመደረጉ በፊት ግን በፌብሩዋሪ ለአስተባባሪዋ ለአሊስ ፖል ደብዳቤ ጽፈው የሐዋርድ ሴቶች ሳይገለሉ የሚሰለፉበት ጥሩ ቦታ እንዲሰጣቸው የጠየቁት ማን ናቸው ቢባል፣ እኒያው ለውጥን ተቃወሙ የተባሉት ኔሊ ኳንደር ናቸው።

ማኅበሩን ለመመዘን ከየትኛውም የሚበልጠው ማስረጃ ግን ከዋሽንግተን ርቆ፣ በሚሲሲፒ የጥጥ እርሻዎች ላይ ይገኛል።

በ1930ዎቹ አጋማሽ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት የነበሩት አይዳ ሉዊዝ ጃክሰን ናቸው። ኑሯቸው በካሊፎርኒያ ኦክላንድ ሲሆን በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ካስተማሩት የመጀመሪያዎቹ ጥቁሮች አንዷ ነበሩ፤ ትውልዳቸው ግን ሚሲሲፒ ነው። በ1934 የማኅበሩ አባላት በሌክሲንግተን ከተማ ለገጠር መምህራን የክረምት ትምህርት ከፈቱ። እዚያ እንደደረሱ ያዩት ነገር የመጡበትን ዓላማ አስቀየራቸው። ልጁ በረሃብና በወባ እየተንቀጠቀጠ ፊደል ማስቆጠር ምን ይረባል? ጃክሰን ትምህርቱን በጤና አገልግሎት ለማስቀደም ወሰኑ።

ሥራውን እንዲመሩ የተመረጡት ዶክተር ዶሮቲ ቦልዲንግ ፌረቢ ነበሩ። በ1924 ከታፍትስ የሕክምና ትምህርት ቤት ቢመረቁም የነጮች ሆስፒታሎች ለልምምድ አልተቀበሏቸውም፤ በዋሽንግተን የጥቁሮች በሆነው «ፍሪድመንስ» ሆስፒታል ሠሩ። በ1935 ክረምት ሐኪሞችን፣ ነርሶችንና መምህራንን ያቀፈው ቡድን ሊነሳ ሲዘጋጅ የመጀመሪያው እንቅፋት የመጣው ከባቡር ጣቢያ ነው፤ ይህን ያህል ቁጥር ላላቸው ጥቁር ሴቶች ትኬት አንሸጥም ተባሉ። ስለዚህ በየግል መኪናቸው መድኃኒትና ክትባት ጭነው ያንን ሁሉ አገር አቋረጡ። በመንገድ ላይ ጥቁርን የሚያሳድር ሆቴል፣ የሚያበላ ምግብ ቤት ማግኘት ቀላል አልነበረም።

ሚሲሲፒ ሲደርሱ ያቀዱት በተወሰኑ ቦታዎች ክሊኒክ ከፍተው ሕዝቡን ለመጥራት ነበር። ሰው አልመጣም። ምክንያቱ ወዲያው ታወቀ፤ የጥጥ እርሻ ባለቤቶቹ ጭሰኞቻቸው ከእርሻው እንዲወጡ አልፈቀዱም። እነዚህ ጭሰኞች በእኩል አራሽነት የሚኖሩ፣ ከመሬቱ ባለቤት ሱቅ በዱቤ የሚገዙ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ሒሳቡ ሁልጊዜ ባለዕዳ የሚያደርጋቸው ሰዎች ነበሩ። የእኛን የቀድሞ ጢሰኛና ባላባት ግንኙነት የሚያውቅ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ባለ እርሻዎቹ ደግሞ ከዋሽንግተን የመጡ የተማሩ ጥቁር ሴቶች ሠራተኛውን ያሳምጹብናል ብለው ፈሩ።

ፌረቢ መላ ዘየዱ። ሕዝቡ ወደ ክሊኒኩ መምጣት ካልቻለ ክሊኒኩ ወደ ሕዝቡ ይሂድ ብለው መኪኖቹን ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ አደረጓቸው። ለዚህም የእያንዳንዱን ባለ እርሻ ፈቃድ መለመን ነበረባቸው። ፈቃዱ ሲገኝም የታጠቁ ፈረሰኛ አለቆች አጠገባቸው ቆመው ለታማሚው የሚነገረውን ሁሉ ያዳምጡ ነበር። ሴቶቹ በዛፍ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ሕፃናትን የፈንጣጣና የዲፍቴሪያ ክትባት ከተቡ፤ ቂጥኝና ወባ አከሙ፤ ጥርስ ነቀሉ፤ ስለ ምግብና ስለ ንጽሕና አስተማሩ። ስለ ዕዳው፣ ስለ ምርጫ፣ ስለ ደሞዝ ግን አንዲት ቃል መተንፈስ አልቻሉም። አንድ ነገር ቢናገሩ ነገ የሚመለሱበት በር ይዘጋል።

እንግዲህ ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በሽታው የመጣው ከድህነቱ፣ ድህነቱም ከእርሻው ሥርዓት መሆኑን እያወቁ ዝም ብለው መርፌ መውጋታቸው ትክክል ነበር ወይ? ከሕሊና አንጻር መልሱ ቀላል አይደለም። እኔ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት በዚያ ዝምታ ምክንያት እንደተከተቡ መርሳት አልችልም። ሴቶቹም ከመርፌው ጋር መረጃ ሰበሰቡ፤ በየዓመቱ ያዩትን በሪፖርት እያወጡ ለመንግሥት ባለሥልጣናት አቀረቡ። በ1938 ከመሥራቾቹ አንዷ በሆኑት በኖርማ ቦይድ መሪነት ማኅበሩ በኮንግረስ ስለ ጥቁሮች መብት የሚወተውት ቋሚ ጽሕፈት ቤት በዋሽንግተን ከፈተ። ሚሲሲፒ ላይ ያልተባለው እዚያ ተባለ። የጤናው ሥራ ክረምት በመጣ ቁጥር እየቀጠለ ቆይቶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቤንዚንና ጎማ በራሽን በሆነ ጊዜ ቆመ። ፌረቢ በዚህ መሐል የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆነው ነበር፤ በኋላም የጥቁር ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤትን መርተዋል።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በ1965 ማኅበሩ በክሊቭላንድ ለወጣት ሴቶች የተከፈተውን የፌዴራል መንግሥት የሥራ ማሠልጠኛ ማዕከል እንዲያስተዳድር ውል ተሰጠው። በ2018 በታሪክ የጥቁሮች ለሆኑ ዩኒቨርሲቲዎች በ24 ሰዓት ውስጥ 1 ሚሊዮን ዶላር አሰባሰበ። በ2023 ደግሞ ለአባላቱ የቁጠባና ብድር ተቋም አቋቋመ።

የታዋቂ አባላቱ ዝርዝር ረጅም ነው፤ ነገር ግን ሲነበብ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የጠፈር በረራዎችን አቅጣጫ በእጃቸው ያሰሉት ካትሪን ጆንሰን፣ ደራሲዋ ቶኒ ሞሪሰንና ካማላ ሐሪስ በተማሪነታቸው የገቡ ናቸው። ሮዛ ፓርክስና ማያ አንጀሉ ግን የክብር አባላት ነበሩ። የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ባለቤት ኤሌኖር ሩዝቬልትም፣ ነጭ ቢሆኑም፣ በዚሁ መንገድ ገብተዋል። ዝነኛ ሰው ከዘነነ በኋላ አባል ማድረግ ለማኅበሩ ስም ጥሩ ነው፤ ዝናውን ያፈራው ማኅበሩ ነው ማለት ግን አይደለም።

ወቀሳውም ከማኅበሩ ዕድሜ ጋር ያደገ ነው። ራሳቸው የሐዋርድ መምህር የነበሩት የሶሲዮሎጂ ሊቁ ፍራንክሊን ፍሬዘር በ1950ዎቹ «ብላክ ቡርዥዋዚ» በተሰኘው መጽሐፋቸው የጥቁር መካከለኛ መደብን በነጮች አምሳል በተሠራ የግብዣና የክብር ዓለም ውስጥ ተደብቋል ሲሉ ኮንነውታል፤ እነዚህ ማኅበራትም ከትችታቸው አላመለጡም። አባል ለመሆን መመረጥ ያስፈልጋል፤ መግቢያውና ዓመታዊ መዋጮው ለድሃ ተማሪ ቀላል አይደለም፤ ድሮ ቆዳቸው ቀላ ያሉትን ያስቀድሙ ነበር የሚለው ሐሜትም እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ከሁሉ የከፋው አዲስ ገቢዎችን የማንገላታት ልማድ ነው። በ1990 ስምንቱ የጥቁሮች የግሪክ ፊደል ማኅበራት አዲስ ገቢዎች ለሳምንታት የሚፈተኑበትን ሥርዓት በይፋ አስቀሩ። በስውር መቀጠሉን ግን ሁሉም ያውቃል። በ2002 በካሊፎርኒያ ሁለት ሴት ተማሪዎች በሌሊት ባሕር ውስጥ ሰጥመው ሞቱ። ቤተሰቦች ልጆቻችን ወደ አልፋ ካፓ አልፋ ለመግባት ሲሉ በደረሰባቸው እንግልት ነው ብለው ከሰሱ፤ ማኅበሩ በበኩሉ በዚያ ዩኒቨርሲቲ ሕጋዊ ቅርንጫፍ እንዳልነበረው ገልጾ ነበር። ለእህትነት የሚከፈል ዋጋ እስከ የት ነው የሚለውን ጥያቄ ግን የምዝገባ ጉዳይ አይዘጋውም።

በ2024 ማኅበሩ እንደገና በአገሪቱ ፖለቲካ መሐል ተገኘ። ጁላይ 10 ቀን ሐሪስ በዳላስ በተካሄደው የማኅበሩ ታላቅ ጉባኤ ላይ ንግግር አደረጉ። በአሥራ አንደኛው ቀን ፕሬዚዳንት ባይደን ከውድድሩ ወጥተው ለእሳቸው ለቀቁላቸው። በኦገስት ማኅበሩ የምርጫ ገንዘብ የሚያሰባስብ የፖለቲካ ኮሚቴ አስመዘገበ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ከፓርቲ ወገንተኝነት ውጭ ነኝ ሲል ለኖረ ድርጅት ይህ ቀላል እርምጃ አይደለም፤ የሪፐብሊካን ደጋፊ የሆኑ አባላቱ ምን እንደሚሉ መገመት አያዳግትም። ሐሪስ በምርጫው ተሸነፉ። ኖቬምበር 6 ቀን ሽንፈታቸውን የተቀበሉበትን ንግግር ያደረጉት በሐዋርድ ግቢ፣ ዘጠኙ ሴቶች በ1908 ይመላለሱበት በነበረው ኮረብታ ላይ ቆመው ነው።