ባዶው መርፌ

እናቴ ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ ግድግዳ ይዛ ነው። ተረከዟ የመጀመሪያዋን እርምጃ አያስረግጣትም፤ ሚስማር የረገጠች ያህል ያማታል። ሁለት ጊዜ ኮርቲዞን ተወግታ ሁለቱንም ጊዜ ለወር ያህል ተሻላት፣ ከዚያ ተመለሰባት። አሁን "ሦስተኛ ልወጋ እንዴ?" ትለኛለች። መልሱን ፍለጋ ስገባ የመርፌውን ታሪክ አገኘሁት።

ነገሩ የሚጀምረው በ1948 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። አሜሪካ ውስጥ፣ ማዮ ክሊኒክ፣ ዶክተር ፊሊፕ ሄንች የመገጣጠሚያ ብግነት አላንቀሳቅስ ላላት ሴት ኮርቲዞን ሰጡ። በቀናት ውስጥ ተነስታ ሄደች። ዓለም ጉድ አለ፤ በ1950 ሄንች ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር ኖቤል ወሰዱ። በ1951 ደግሞ ጆሴፍ ሆላንደር የዚሁን መድኃኒት ዘመድ፣ ሃይድሮኮርቲዞንን፣ በቀጥታ መገጣጠሚያ ውስጥ መውጋት እንደሚቻል አሳዩ። ከዚያ ወዲህ የታመመ ቦታ ላይ መውጋት ልማድ ሆነ፣ ተረከዝም አልቀረለትም። የተረከዙን ሕመም ሐኪሞች "ፋሺያይቲስ" ይሉታል፤ የስሙ መጨረሻ ራሱ ብግነት ማለት ነው። ብግነት ከሆነ ደግሞ ኮርቲዞን አለለት።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በ2003 ሃርቪ ሌሞንትና ባልደረቦቹ በቀዶ ሕክምና የተወሰዱ 50 ናሙናዎችን በማይክሮስኮፕ ሲያዩ ብግነት አላገኙም። ያገኙት ያረጀና የተበላሸ ጅማት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1998 በወጣ ሌላ ጥናት ከ765 ታማሚዎች 51ዱ የተረከዙ ጅማት ተበጥሶባቸው ነበር፤ ከነዚህ 44ቱ ቀድሞ ስቴሮይድ ተወግተዋል። በ2012 አውስትራሊያ ውስጥ የተደረገ ሙከራ ደግሞ መርፌው በአራተኛው ሳምንት ሕመም እንደሚቀንስ፣ በስምንተኛው ግን ልዩነቱ እንደሚጠፋ አሳየ። የእናቴ "ወር ያህል" ማለት ይኸው ነው።

ሌላው መንገድ ከመድኃኒቱ ይልቅ መርፌውን የተከተለ ነው። ጃኔት ትራቬል፣ ኋላ የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሐኪም የሆኑት፣ ጡንቻ ውስጥ የሚያሙ ነጥቦችን ፈልገው ማደንዘዣ ይወጉ ነበር። በ1979 የፕራጉ ሐኪም ካሬል ሌዊት ነገሩን ገለበጡት፦ የሚያስታግሰው የሚወጋው ፈሳሽ ሳይሆን የመርፌው ውጊያ ራሱ ቢሆንስ? በ241 ሰዎች 312 የሕመም ቦታዎች ላይ ሞክረው ከመቶ 86.8 በሚሆኑት ሕመሙ ወዲያው እንደቀነሰ ጻፉ። ማነጻጸሪያ ቡድን ግን አልነበራቸውም። እሱ በተረከዝ ላይ የመጣው በ2014 ነው፤ አውስትራሊያ ውስጥ 84 ሰዎች ከፊሉ እውነተኛ፣ ከፊሉ የማስመሰያ "ደረቅ መርፌ" አገኙ። እውነተኛው የጠዋቷን እርምጃ ሕመም በተሻለ ቀንሷል፣ ግን ተአምር አልነበረም፤ ብዙዎችም ለጊዜው አሟቸዋል።

ይኼን ሁሉ ለእናቴ በአጭሩ ነገርኳት። "ታዲያ ባዶ መርፌ ልወጋ?" ብላ ሳቀች። አይደለም፤ ብዙ ተረከዝ በመለጠጥ፣ በተመቸ ጫማና በጊዜ ይድናል። ከመወጋትሽ በፊት ሐኪሙን ጠይቂው አልኳት፦ ምን ልትወጋኝ ነው? ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንደተወጋሁ አውቀሃል? ጅማቴስ በምን ሁኔታ ላይ ነው?

ጥያቄዎቹን በስልኬ ጻፍኩላት። ቀጠሮዋ ሐሙስ ነው።