የኛ አንድ ሰዓት

እናንተዬ፣ ጠጋ በሉ። ገና አቦሉ ነው፤ ቶና እስኪመጣ ጊዜ አለን። የማወራችሁ ግን ጊዜ ስላልነበረው ሰው ነው።

ዘመኑ በፈረንጆቹ 2020፣ አገሩ ሲያትል። አሜሪካ ውስጥ ኮሮና ተገኘ ሲባል መጀመሪያ የተጠራው የኛው አካባቢ ነው፤ ጃንዋሪ ላይ ከዉሃን የተመለሰ አንድ ሰው ከሲያትል በስተሰሜን ኤቨረት ሆስፒታል ተኛ። ማርች 23 አገረ ገዢው ጄይ ኢንስሊ «ከቤት እንዳትወጡ» ብለው አዘዙ። ሬኒየር ጎዳና ጭር አለ። ኤርፖርት የሚመላለሰው ባለታክሲ መኪናውን አቆመ። አረጋውያን መጦሪያ የሚሠሩት እህቶቻችን ግን አልተቀመጡም፤ ማን ይተካቸዋል?

ከባለታክሲዎቹ አንዱን ልንገራችሁ። ስም የለውም፤ እኔው ለወግ ያበጀሁት ሰው ነው። በሽታው ግን የእውነት ነው። ዕድሜው 45። ሳምንት ሙሉ ሲያስለውና ሲያንቀጠቅጠው በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ሲታገል ከረመ። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ስኒው ከግራ እጁ አምልጦ ተከሰከሰ። ሚስቱ ዘወር ብትል አፉ ወደ ቀኝ ተስቧል።

«አንተ! ምን ሆንክብኝ?»

«ነፋስ... ነው» አለ፣ ምላሱ እየተኮላተፈ።

ነፋስ የምንለው የፊት ነርቭ ሕመም አፍ ማጣመሙን አልክድም። ነፋስ ግን ክንድ አይጥልም። አፍ ተጣሞ ክንድም ከዛለ፣ ስትሮክ ነው ብሎ መሮጥ ነው።

እሷ ለማን ደወለች? ዳላስ ላለችው ታላቅ እህቷ።

«እትዬ፣ ምች ይሆን?»

«ምች ነው እንጂ! ዳማከሴ ጭመቂለት። ሆስፒታል ብቻ እንዳትወስጂው፤ ኮሮና ይጨምሩበታል!»

በእትዬ አልፈርድም፤ ሆስፒታል የፈራችው እሷ ብቻ አይደለችም። ያን ሰሞን ኒውዮርክ፣ ማውንት ሳይናይ፣ ሐኪሞች በሁለት ሳምንት ውስጥ ኮሮና የያዛቸው አምስት ሰዎች ትልቁ የአንጎላቸው ደም ሥር ተዘግቶ መጡባቸው፤ ሁሉም ከ50 ዓመት በታች። ቀድሞ በዚያ ዕድሜ በሁለት ሳምንት አንድ ሰው እንኳ አይሞላም ነበር። አንዷ የ33 ዓመት ሴት ናት። ምልክቱ ለ28 ሰዓት ሲብስባት፣ ኮሮናን ፈርታ ሐኪም ዘንድ መሄዱን አዘገየችው። እሷስ ተሽሏት ወደ ማገገሚያ ተላከች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቫይረሱ የደም ሥሩን ግድግዳ ያስቆጣዋል፤ ደሙም ለመርጋት ይቸኩላል። የረጋው ደም ሄዶ የአንጎሉን ደም ሥር ይወትፋል። ያኔ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን የአንጎል ሴል ይሞታል። ጀበናው እስኪፈላ፣ 20 ደቂቃ እንበል፣ 38 ሚሊዮን። ቶናው መጣ? ያዙ፣ ያዙ።

እናት ለዳማከሴ ጎረቤት ስታስጠይቅ፣ የ12 ዓመት ልጃቸው የአባቷን ስልክ አንስታ ዘጠኝ አንድ አንድ ደወለች። (እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ አድራሻችሁን ተናግራችሁ «አምሃሪክ» በሉ፤ አስተርጓሚ ያገናኟችኋል። «አማርኛ» ብትሉ ላይገባቸው ይችላል።)

የእሳት አደጋ ሰዎች ጭምብል አጥልቀው ገቡ። ክንዱን አነሱት፤ ወደቀ። «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የነበረው በስንት ሰዓት ነው?» አሉ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው የሚሰጠው፤ ከዚያ ካለፈ አንጎል ውስጥ ደም መፍሰሱ ያሰጋል። በብሽሽት ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የረጋውን ደም መጎተቱ ለአንዳንዱ ሕመምተኛ እስከ 24 ሰዓት ይሞከራል፤ እሱ ግን ለሁሉም አይሆንም።

«ስኒው ሲሰበር አንድ ሰዓት ከሃያ ነበር» አለች እናት።

«ዋን ትዌንቲ» አለች ሲያትል የተወለደችው ልጅ።

ከእሳት አደጋ ሰዎቹ አንዱ ጻፈ። ሰዓቱን አየ፤ በፈረንጅ ዘጠኝ ሊሆን ነው። ከሌሊቱ ዋን ትዌንቲ ከሆነማ ሰባት ሰዓት ተኩል አልፎታል። ለጓደኛው ራሱን ነቀነቀ።

እናት እንግሊዝኛዋ ባይሞላም ቁጥር አይጠፋትም።

«ኧረ አይደለም! የኛ አንድ ሰዓት! የጠዋቱ! ስድስት ደምሪበት!»

ልጅቷ በጣቶቿ ቆጠረች። «ሰቨን... ሰቨን ትዌንቲ!»

ሰውየው ሰርዞ እንደገና ጻፈ። ቃሬዛው ወደ ሃርበርቪው ሆስፒታል በሩጫ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ የቀረው ስልክ አልተዘጋም ነበር።

«ሃሎ?» ትላለች እትዬ፣ «ዳማከሴው ተገኘ?»