ውሃን የመክደን ታሪክ፦ ከአሊዩ አምባ የነጋዴ መንገድ እስከ መዋኛ ገንዳ

በሰሜን ሸዋ፣ ከአንኮበር በስተምሥራቅ፣ ደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ቁልቁለት ላይ የምትገኘው አሊዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813–1847) የሸዋ ዋና የንግድ በር ነበረች። አርብ በሚቆመው ገበያዋ የአርጎባ፣ የአፋር፣ የሐረርና የደጋው ነጋዴዎች ይገናኙ ነበር፤ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና በግፍ የተያዙ ባሮች ወደ ታጁራ ወደብ ሲወርዱ፣ ዛሬ በጅቡቲ ግዛት ካለው የአሳል ሐይቅ ደግሞ ጨው በግመል ተጭኖ ይወጣ ነበር። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘው አሳል የባሕር ውሃ በአለት ስንጥቅ እየሰረገ የሚገባበት ሐይቅ ሲሆን፣ ፀሐይና ነፋስ ውሃውን ወደ ተን ለውጠው ሲወስዱት፣ ማለትም ትነት ሲከናወን፣ ጨው ይቀራል። ስለዚህ የአሊዩ አምባ ገበያ ከፊል ሀብቱን ያገኘው ክዳን የሌለው ውሃ በመትነኑ ነው።

ይኸው የትነት ኃይል ግን በመንገዱ ላይ የሰው ጠላት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ከታጁራ ወደ ሸዋ የተጓዘው፣ በካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን በአሳል አካባቢ በውሃ ጥም ክፉኛ ተሠቃይቷል። የቆላው ነጋዴ በረሃውን የሚሻገረው አፉ በጠፍር በተቋጠረ የቆዳ አቁማዳ ውሃ ይዞ በመሆኑ፣ የቋጠሮው ጥብቀት ከውሃው ብዛት ባልተናነሰ ሕይወቱን ይወስን ነበር።

በመኖሪያ ቤትም ውሃ የሚቀመጥበት ጋን እፊያ፣ ማለትም ክዳን፣ ይደረግለታል፤ ከምንጭ የተቀዳ እንስራም በመንገድ እንዳይፈስ አፉ በቅጠል ይደፈናል። በሶማሌ ክልል የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ብርካ፣ ማለትም ተቆፍሮ ግድግዳው የተለሰነ የውሃ ጉድጓድ፣ አንዳንድ ጊዜ በእንጨትና በእሾህ ቅርንጫፍ ይሸፈናል። በጎንደር ያለው የአፄ ፋሲለደስ መዋኛ ግን ሌላ መፍትሔ ያሳያል፤ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በተጠለፈ ውሃ ይሞላል፣ አብዛኛውን የዓመቱን ክፍል ደግሞ ባዶ ሆኖ ይቆያል።

ዓመቱን ሙሉ ውሃ የሚይዝ የግል መዋኛ ገንዳ በብዙ አገሮች ሲስፋፋ ክዳኑም በሞተር የሚንቀሳቀስ ሆነ። ዛሬ ሁለት ዋና ዓይነቶች ይታወቃሉ። አንደኛው በገንዳው ሁለት ጎኖች በተዘረጋ ሐዲድ ላይ የሚሳብ ጠንካራ የፕላስቲክ ሸራ ሲሆን፣ ለአራት ማዕዘን ገንዳ ይበልጥ ይስማማል፤ ሁለተኛው በውሃው ላይ የሚንሳፈፍና በዘንግ ላይ የሚጠቀለል የፕላስቲክ ርብራብ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ መሬት ውስጥ የተሠራ የግል ገንዳ ያለው ሰው ከአጥር፣ ከማስጠንቀቂያ ደወል፣ ከክዳንና ከመጠለያ አንዱን እንዲያበጅ ያስገደደችው ሕፃናት እየሰጠሙ ስለሚሞቱ ነበር። በአሜሪካ የወጣው የደኅንነት ክዳን መለኪያም ክዳኑ የሁለት አዋቂዎችንና የአንድ ልጅን ክብደት፣ ማለትም 220 ኪሎ ግራም ያህል፣ እንዲሸከም ይጠይቃል።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው የክዳን መምረጫ መስፈርት ግልጽ ነው። የመጀመሪያው የሰው ሕይወት ነው፤ ውሃውን ከዐይን የሚሸፍን፣ የወደቀበትን ልጅ ግን የማይሸከም ክዳን ካለመኖሩ የባሰ አደጋ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ውሃው ነው፤ 8 ሜትር በ4 ሜትር ከሆነ ገንዳ በዓመት 2 ሜትር ውሃ ቢተን 64,000 ሊትር፣ ማለትም 3,200 ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይጠፋል፤ የሚገጥም ክዳን ደግሞ ተዘግቶ በቆየበት ጊዜ ሁሉ የዚህን አብዛኛውን ክፍል ያስቀራል። ሦስተኛው የአካባቢው ጠባይ ነው፤ የሰሜን ሸዋን የመሰለ የክረምት ዝናብ ባለበት ቦታ በሸራው ላይ የሚጠራቀመውን ውሃ የሚያስወግድ ፓምፕ፣ መብራት በሚቋረጥበት ጊዜም ክዳኑን በእጅ የሚያንቀሳቅስ መዘውር ያስፈልጋል።

እናቶችና ልጃገረዶች ውሃ በጀርባቸው በሚያመላልሱበት አገር ገንዳ የሚሠራ ሰው፣ ክዳኑን ገንዘብ ሲተርፍ እንደሚገዛ ጌጥ ሳይሆን ከመሠረቱና ከግድግዳው እኩል የግንባታው አካል አድርጎ ሊያስበው ይገባል። የአሊዩ አምባ ነጋዴ አቁማዳውን ሳይቋጥር ጉዞ እንደማይጀምር ሁሉ፣ ክዳኑ ያልታቀደለት ገንዳም ውሃ ሊሞላበት አይገባም።