የምድርን ውስጥ በመሣሪያ መመርመር እንዴት እንደ ተጀመረ

የማዕድን ጕድጓድ መቈፈር ብዙ ገንዘብና ድካም፥ አንዳንድ ጊዜም የሰው ሕይወት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ስለዚህም ከቍፋሮ በፊት በምድር ውስጥ ያለውን የሚያመለክት ዘዴ ለማግኘት ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ሲመኙ ኖረዋል። በአውሮፓ ብዙዎች ይታመኑ የነበረው በባላ እንጨት ነበር፤ የያዘው ሰው ማዕድን ካለበት ሲደርስ እንጨቱ ወደ ምድር ያዘነብላል ይሉ ነበር። ጀርመናዊው ሊቅ አግሪኮላ በ1556 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በታተመው መጽሐፉ ይህን ልማድ ነቅፎታል። እኛ ግን ነገሩን ያነሣነው ለመሣቅ አይደለም። ምኞቱ ትክክለኛ ነበር፤ የጐደለው ሌላ ሰው ደግሞ ለክቶ ሊያረጋግጠው የሚችል ምልክት ነው።

ይህን ምልክት አስቀድሞ የሰጠው ብረት ነው። የስዊድን ማዕድን ፈላጊዎች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ መርፌው ወደ ጐን ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም እንዲያዘነብል ሆኖ የተሠራ ኮምፓስ ይዘው ይዞሩ ነበር። ማግኔትነት ያለው የብረት ድንጋይ ካለበት ሲደርሱ መርፌው ወደ ምድር ይሳባል። በ1879 ዓ.ም. ሮበርት ታሌን የተባለ የአገሩ ሊቅ የስበቱን መጠን በቍጥር ለክቶ የማዕድኑን ስፍራ ለመገመት የሚያስችለውን መንገድ በጽሑፍ አወጣ። ይሁን እንጂ መዳብን የሚፈልግ ሰው ከዚህ መርፌ የሚያገኘው እርዳታ ጥቂት ነበር።

ለመዳብ የሚሆነው ፍንጭ ከእንግሊዝ አገር መጣ። በ1830 ዓ.ም. ሮበርት ፎክስ በኮርንዎል ጕድጓዶች ውስጥ የማዕድኑን ጅማት በሽቦ ቢያገናኝ፥ ኤሌክትሪክ ሲተላለፍ አገኘ፤ ማዕድኑ በምድር እርጥበት ውስጥ እንደ ባትሪ ይሠራል ማለት ነው። ነገር ግን ይህን ኃይል ከምድር ገጽ ላይ መለካት አስቸጋሪ ሆነ። በእርጥብ አፈር ላይ የተተከለ የብረት ካስማ ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚፈጥር፥ የማዕድኑ ደካማ ምልክት ከካስማው ጋር ይደባለቃል።

ፈረንሳዊው ኮንራድ ሽሉምበርዤ ይህን ችግር ያቃለለው በቀላል ነገር ነው። በካስማው ፈንታ እርጥበት በሚያሳልፍ የሸክላ ዕቃ ውስጥ የመዳብ ጨው ውሃ ጨምሮ፥ የመዳብ ዘንግ አጥልቆ ከአፈሩ ላይ አስቀመጠው። በዚህም መንገድ በ1913 ዓ.ም. በሰርቢያ፥ ቦር በተባለው ስፍራ፥ የመዳብ ማዕድን ለማግኘት ቻለ። ብዙ ሳይቈይ የ1914 ዓ.ም. ጦርነት ሥራውን አቋረጠው፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን ቀጠለ።

መሣሪያው የሚናገረው ስለ ኤሌክትሪኩ እንጂ ስለ መዳቡ አይደለም። እርሳስ የሚሠራበት ግራፋይትም ይህንኑ ኃይል ስለሚሰጥ፥ መዳብ አገኘን ብለው ሲቈፍሩ ጥቍር ግራፋይት ብቻ የሚወጣበት ጊዜ አለ።